የባሻ ከፈለኝ ሜዳይ የመመለሻ ቀን

የነገሥታቱ የብርና የሜዳይ ስብስብ ታሪክ ሳይጻፍ ቢቀር ግፍ ነው። ንብረቱን ከሌባ፣ ከዝገትና ከተመልካች በእኩል ትጋት የጠበቀ መሥሪያ ቤት በአገራችን ብዙ አይገኝምና።

ስብስቡ የተወለደው በሚሊኒየሙ ዋዜማ ነው። ሚዛን ተፈሪ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ የጥንት ቅርስ ያለው ሁሉ ለኤግዚቢሽን እንዲያውስ በድምፅ ማጉያ ለመነ። አሥራ ሁለት ጠገራ ብርና አንድ ሜዳይ ተገኘ። ሜዳዩን ከጎረቤት ከተማ ከአማን ይዛ የመጣችው ማናልሞሽ ናት፤ አባቷ ባሻ ከፈለኝ በንጉሡ ዘመን ኦጋዴን ላይ ቆስለው የተሸለሙት ነው። “ለሦስት ቀን ብቻ” አሏት።

ኤግዚቢሽኑ በሦስተኛው ቀን ተዘጋ። ስብስቡ ግን ሰባት ዓመት በብረት ሣጥን ውስጥ ከረመ፤ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ተካ ሥራቸውን የሚወዱ ሰው ነበሩና። በበራቸው የገባ ዕቃ ሁሉ ቁጥር ያገኛል። ወንበር በቀለም ይጻፍበታል። ብር ቀለም ስለማይዝ በምስማርና በመዶሻ ተመታ። በጠገራዎቹ ላይ ያለችውን ንግሥት ስላላወቋት “ስማቸው ያልተገለጸ ወፍራም እመቤት” ብለው በጥንቃቄ መዘገቧት። የባሻ ሜዳይም ከአንድ አግዳሚ ወንበር ቀጥሎ 047 ቁጥርን በላዩ በተቀረጹት ንጉሥ ግንባር ላይ ተቀበለ።

በሰባተኛው ዓመት ክረምት ባሻ አልጋ ያዙ። ልጃቸውን ጠርተው፣ “ሜዳዬን ደረቴ ላይ አድርገሽ ቅበሪኝ” አሏት። ሌላ ምንም አልጠየቋትም። ማናልሞሽ በዚያው ጠዋት በባጃጅ ሚዛን ገባች።

“የአባቴን ሜዳይ ልወስድ ነው የመጣሁት።”

“የመንግሥት ንብረት ለግለሰብ አይሰጥም፣ እትዬ ማናልሞሽ።”

“የአባቴ ነው እኮ፣ አቶ ተካ።”

“ቁጥር አለው።”

“ቁጥሩን የመታችሁበት እናንተ ናችሁ።”

“ታዲያ ሌላ ማን ይምታው?”

“አባቴ እየሞቱ ነው።”

አቶ ተካ አዘኑ። መመሪያውን አገላብጠው ለሐዘን የሚሆን አንቀጽ ፈለጉ።

“በውሰት ይውሰዱት። ከቀብሩ በኋላ ባሉት አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ይመልሳሉ።”

“ይዘውት ነው እኮ የሚቀበሩት።”

“በጥሩ ይዞታ እስከተመለሰ ድረስ የት እንደዋለ አንጠይቅም። ተዋሹ ባሻ ግን ራሳቸው መፈረም አለባቸው።”

ታማሚ ቢሮ ድረስ ይምጣ ማለት ስለከበዳቸው፣ ሜዳዩን በፖስታ፣ ቅጹን በክላሰር ይዘው አብረዋት አማን ወረዱ። እንዲህ ያለ አገልግሎት የትም አይገኝም።

ባሻ መነጽራቸውን አስመጥተው ሜዳዩን አገላበጡ።

“ንጉሡን ምን ነካቸው?”

“ቁጥራቸው ነው፣ ባሻ።”

“እኔ ኦጋዴን ላይ የተመታሁት ከዚህ ይሻላል።” ሜዳዩን ደረታቸው ላይ አኖሩና እጃቸውን ከደኑበት። “አምጣ ወረቀትህን፣ ልጄ።”

“የዕቃው ዓይነት” በሚለው ሥር “ሜዳዬ” ብለው ጻፉ። “የሚፈለግበት ሥራ” በሚለው ሥር “መቀበር” አሉ። “የመመለሻ ቀን” ላይ ሲደርሱ ብዕሩን ጥቂት አቆዩና “ትንሣኤ ሙታን” ብለው ፈረሙ።

ማናልሞሽ አሁን ቀምተውት ይሄዳሉ ብላ የአቶ ተካን እጅ ታያለች። አቶ ተካ ቅጹን ረጅም ጊዜ አጠኑት። በአሥራ ስምንት ዓመት አገልግሎታቸው ክፍት ቦታ ያለበት ቅጽ ተቀብለው አያውቁም። በዚህኛው ግን ያልተሞላ ነገር አልነበረም።

“ባሻ፣” አሉ በመጨረሻ፣ “ቀኑ የሥራ ቀን ነው?”

ባሻ ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ።

“እሑድ ነው ይባላል።”

“እንግዲያው ለሰኞ ይዛወራል።” አቶ ተካ ማኅተሙን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው እፍ አሉበት። “ጠዋት ስብሰባ አለን፤ ከሰዓት በኋላ ይዘው ይቅረቡ።”