ተራ አባል በልዩ ልዩ ላይ ይናገራል

[መቀሌ፣ ሮማናት አጠገብ፣ ረፋድ ላይ፣ የካፌ በረንዳ። ልዑልሰገድ በማኔጅመንት ተመርቆ ሦስት ዓመት ያለ ሥራ የተቀመጠ ወጣት ነው፤ ክራቫት አስሯል። ሓፍቶም የክፍል ጓደኛው ነበር፤ ጣቶቹን ግራሶ ነክቷቸዋል። ጠረጴዛው ላይ አዲስ ማኅተምና ወፍራም ሰነድ አለ።]

ሓፍቶም፦ ክብ ቢሆን ምን ነበረበት?

ልዑልሰገድ፦ ክብ ማኅተም የእድር ነው። የምሩቃን መማማሪያ ማኅበር ሞላላ ነው የሚያስፈልገው። አንተ ይሄ አይገባህም።

ሓፍቶም፦ እሺ ሓወይ። [እጁን አውጥቶ] አንድ ነገር ልናገር?

ልዑልሰገድ፦ አጀንዳ አለን። ተራ አባል የሚናገረው በመጨረሻው አጀንዳ፣ በልዩ ልዩ ላይ ነው፤ አንቀጽ ዐሥራ አራት።

ሓፍቶም፦ [እጁን ያወርዳል] እሺ።

ልዑልሰገድ፦ ይሄ ሰነድ እስከ ስድስት ሰዓት ተፈርሞ ክፍለ ከተማ ካልገባ፣ ዓዲ ሓቂ ያለችው ባዶ ክፍል ለሌላ ትሰጣለች። እሷ ካመለጠችኝ፣ እናቴ ዘንድሮም "ምን እየሠራህ ነው?" ስትለኝ የምመልሰው የለኝም።

ሓፍቶም፦ ፈራሚዎቹ የታሉ?

ልዑልሰገድ፦ ይመጣሉ። ጎይቶም ምክትል ሰብሳቢ፣ ሳሊና ጸሐፊ፣ መድሃኔ ኦዲተር፣ ነዒማ ሕዝብ ግንኙነት፣ ደመላሽ ሥነ ሥርዓት ኮሚቴ። እኔ ሰብሳቢ።

ሓፍቶም፦ የሚማረውስ?

ልዑልሰገድ፦ አንተ።

ሓፍቶም፦ ብቻዬን?

ልዑልሰገድ፦ ለጊዜው።

ሓፍቶም፦ ማን ነው የሚያስተምረኝ?

ልዑልሰገድ፦ ችግርህ ይሄ ነው። መዋቅር ሳይቆም ዝርዝር ውስጥ ትገባለህ። ኮሌጅም እያለን መምህሩ ሳይጨርስ "ይሄ ምን ይጠቅማል?" ትል ነበር።

ሓፍቶም፦ እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም።

ልዑልሰገድ፦ ይሄን መተዳደሪያ ደንብ ለመጻፍ አምስት ወር ፈጅቶብኛል። አርባ ሁለት አንቀጽ። ከስብሰባ ስለ መቅረት ብቻ ስድስት አንቀጽ አለው።

ሓፍቶም፦ አምስቱም ቀርተዋል እኮ።

ልዑልሰገድ፦ [ሰዓቱን አይቶ] አምስት ሰዓት ተኩል! ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም።

ሓፍቶም፦ አሁንስ ልናገር?

ልዑልሰገድ፦ ልዩ ልዩ አልደረስንም አልኩህ። [ስልክ ይደውላል] ጎይቶም፣ የት ነህ? ... የምን ፓምፕ ነው የምትፈታው? ... ነዒማም እዚያ ናት? ... ሁሉም? [ስልኩን ቀስ ብሎ ያስቀምጣል] ስቆ ዘጋብኝ።

ሓፍቶም፦ አጀንዳው አለቀ?

ልዑልሰገድ፦ አለቀ። ልዩ ልዩ ነው። ተናገር።

ሓፍቶም፦ ክፍሏን ማክሰኞ ሰጡን።

ልዑልሰገድ፦ ለእነማን?

ሓፍቶም፦ ለእኛ። አንተ ደንቡን መጻፍ በጀመርክ በሳምንቱ እኛ ቤት ግቢ መማማር ጀመርን። ሳሊና ኤክሴል፣ ነዒማ ልብስ ስፌት፣ ጎይቶም እንግሊዝኛ፣ እኔ የውሃ ፓምፕ ጥገና። ዐሥራ ስምንት ደርሰናል። የክፍለ ከተማዋ ሴትዮ "ምን ትማራላችሁ?" አለችን፣ ነገርናት፣ ቁልፉን ሰጠችን።

ልዑልሰገድ፦ ደንብ አልጠየቀችም?

ሓፍቶም፦ አልጠየቀችም።

ልዑልሰገድ፦ ማኅተምስ?

ሓፍቶም፦ የራሷ አላት።

ልዑልሰገድ፦ አምስት ወር ሙሉ ደበቅከኝ። ጓደኛዬ መስለኸኝ ነበር።

ሓፍቶም፦ ከዛሬ በፊት በአራት ስብሰባ አራት ጊዜ እጄን አወጣሁ። አራቱንም ልዩ ልዩ ሳይደርስ በትነህ ሄድክ።

[ልዑልሰገድ ክራቫቱን ያላላል።]

ልዑልሰገድ፦ እኔንስ ታስገቡኛላችሁ?

ሓፍቶም፦ ዛሬ የመጣሁት ልጠራህ ነው። ያለን ደንብ አንድ ነው፤ የገባ ሰው ከሚያውቀው አንድ ነገር ያስተምራል። አንተ ምን ታውቃለህ?

[ልዑልሰገድ ሰነዱን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ያገላብጣል። ማኅተሙን ያነሳል፣ ያስቀምጣል። ከዚያ እጁን ያወጣል።]

ሓፍቶም፦ እጅህን አውርድ ሓወይ። እኛ ጋ ማንም ሳይፈቀድለት ይናገራል፤ የሚያውቀው ነገር ካለ።