ልጣጭ ለሁሉም

ፍትሕ በምድር ላይ መዘግየቷ ያንገበገባቸው አንድ ሥራ አስኪያጅ፣ ከውሃ ውስጥ ሊጀምሯት ቆርጠው ተነሡ። እኚህ ታላቅ ሰው የሚመሩት መሥሪያ ቤት ዓሣ ያረባል።

በመሥሪያ ቤቱ አንዲት ተመራማሪ አሉ፤ ከጭማቂ ቤቶች የማንጎና የአናናስ ልጣጭ በጆንያ ስለሚያግዙ ባልደረቦቻቸው «እትዬ ልጣጭ» ይሏቸዋል። ልጣጩ ደርቆና ተፈጭቶ ከመኖ ጋር ሲደባለቅ በዓሣው አንጀት የሚኖሩትን ደጋግ ተሕዋስያን ይቀልባል፤ እነሱ ሲጠግቡ ዓሣው ይፋፋል ባይ ናቸው። ይህንን በሦስት ወር ውስጥ ለገምጋሚዎች ካላሳዩ ሁለቱ ኩሬዎቻቸው በአፈር ተደፍነው መኪና ማቆሚያ ይሆናሉ። ስለዚህ ለአንደኛው ኩሬ መኖ ከነልጣጩ፣ ለሁለተኛው መኖ ብቻ መስጠት ጀመሩ።

በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ለጉብኝት ወረዱ።

«የዚህኛው ኩሬ ልጣጭ የታለ?»

«እሱ አይሰጠውም፣ ጋሼ። ማነጻጸሪያ ነው።»

«ምን አጥፍቶ?»

«ምንም። ልዩነቱ እንዲታይ ብቻ...»

«ልዩነት!» ሥራ አስኪያጁ ደረታቸውን ያዙ። «እኔ በሕይወት እያለሁ ዓሣ ከዓሣ ሊበላለጥ?»

«ኧረ ጋሼ፣ እንዲበላለጥ እኮ ነው የምለፋው!»

ከሰዓት በኋላ መመሪያ ወጣ፦ «የመሥሪያ ቤቱ ዓሦች በሙሉ፣ በጾታ፣ በቀለምና በኩሬ ጥልቀት ልዩነት ሳይደረግባቸው፣ እኩል የልጣጭ ተጠቃሚ ይሆናሉ። ከእነዚሁ ኩሬዎች ለግርማ ሞገስ ተወስደው በቢሯችን የመስታወት ገንዳ የተቀመጡትን ግን አይመለከትም፤ ውሃው በእንግዳ ፊት ይደፈርሳልና።» ኮሚቴም ተቋቁሞ ልጣጭ በሚዛን ሲያካፍል ከረመ።

ሦስት ወር ሞላ። ገምጋሚዎቹ ከሁለቱም ኩሬ ዓሣ እያወጡ መዘኑ። ሁሉም ድንቡሽቡሽ፣ ሁሉም እኩል።

«ታዲያ ልጣጩ ምን ለውጥ አመጣ?» አሉ የቡድኑ መሪ።

«ፍትሕ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

መሪዋ ብዕራቸውን አነሡ። በእትዬ ልጣጭ ጆሮ አፈር የጫነ የገልባጭ መኪና ድምፅ አቃጨለ። ድንገት ግን ፊታቸው በራ።

«የጋሼን ቢሮ ሳናይ?»

የቢሮውን እኩሌታ ከያዘው ገንዳ የወጡት ዓሦች የወንድሞቻቸውን ግማሽ እንኳ አልመዘኑም።

«እነዚህ ምን ሆነው ነው?»

«መኖው ያው ነው፤ ልጣጭ ብቻ አልቀመሱም» አሉ እትዬ ልጣጭ።

«ሆን ብዬ ነው!» ሥራ አስኪያጁ ዘለው መሐል ገቡ። «ለሳይንስ ስል የገዛ ዓሦቼን መሥዋዕት አድርጌ!»

ኩሬዎቹ ተረፉ። ሥራ አስኪያጁ ለአርቆ አሳቢነታቸው የምስክር ወረቀት ተሰጣቸውና ከገንዳው በላይ ሰቀሉት። በማግስቱም መመሪያቸውን አሻሽለው ለቢሯቸው ዓሦች ልጣጭ አዘዙ።

እትዬ ልጣጭ በዚህኛው ዙር አልተከራከሩም። ሌላ የመስታወት ገንዳ ከነዓሦቹ አሸክመው ወደ ምክትል ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡ።

«ለቢሮዎ ግርማ ነው፣ ጌታዬ።»

ምክትሉ ገንዳውን በዓይናቸው ለኩት። «ከሥራ አስኪያጁ ይበልጣል?»

«በአንድ ክንድ።»

«ልጣጩስ?»

«እሱ እንኳ ለተራ ኩሬ ነው። ውሃ ያደፈርሳል...»

«እዚህ ዝር እንዳይል!»

እትዬ ልጣጭ እጅ ነሥተው ወጡ፤ በሩን እንደዘጉም ደብተራቸውን ገልጠው «ማነጻጸሪያ፣ የመጀመሪያ ቀን» ብለው ጻፉ።