አንድ ስምንተኛ ከአንድ አራተኛ የሚበልጥበት ወረዳ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ለትሕትናው ሲባል ስሙን በማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ አቶ አስረስ የተባሉ የሒሳብ ትምህርት ባለሙያ ነበሩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ተመኝተዋል፦ ሱፐርቫይዘር መሆን። ምኞቱ የቀልድ አልነበረም። ሚስታቸው ተሻለች በየዓመቱ ሰኔ ላይ “ዘንድሮስ?” ብላ ስትጠይቃቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ነበር፤ ያፍሩ ነበር።

ዕድል ግን ዘንድሮ አስታወሰቻቸው። ከበላይ አካል አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ተማሪዎች ክፍልፋይን በቃል ከመሸምደድ ተላቀው “በጽንሰ-ሐሳብ ደረጃ እንዲጨብጡ የሚያስችል ንቅናቄ” ይካሄድ ይላል። ማንም ሰው ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ስላላነበበው ንቅናቄውን እንዲመሩ አቶ አስረስ ተመረጡ።

አዳራሹ በመምህራን ጢም አለ። አቶ አስረስ ጉሮሯቸውን ጠርገው ክፍልፋይ ላዕልና ታሕት እንዳላት፣ ላዕል ከላይ የምትቀመጠዋ ቁጥር፣ ታሕት ከታች ሆና የምትሸከማት እንደሆነች አስረዱ። ቀጥለውም በተሰበረ ልብ፣ እስከ ዛሬ ታሕትን ረስተናት መኖራችንን አመኑ።

“አምና ከተማሪዎቻችን አንድ አራተኛው ክፍልፋይን ተረድቷል” አሉ። “ዘንድሮ ታሕትን በእጥፍ አሳድገን፣ አንድ ስምንተኛው እንዲረዳ እናደርጋለን።”

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ። እጇን ለጭብጨባ አንስታ መሃል ላይ የተወችው የአራተኛ ክፍል አስተማሪዋ ሒክማ ብቻ ነበረች። ይህማ ከአምናው ያነሰ አይሆንም ወይ ስትል በአክብሮት ጠየቀች። አቶ አስረስ በአባታዊ ርኅራኄ ተመለከቷት።

“የኔ ልጅ፣ ከአራተኛ ክፍልና ከስምንተኛ ክፍል የትኛው ይበልጣል?”

“ስምንተኛ ነው፣ ጋሼ።”

“በቃ።”

ማስረጃው በቃለ ጉባኤ ተመዘገበ። የዓለም የሒሳብ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ያልደረሱበት ነው፤ እነሱ ስምንተኛ ክፍልን ያለፉት በጥድፊያ ስለሆነ አይፈረድባቸውም።

በሳምንቱ አቶ አስረስ ለክትትል ወደ ሒክማ ክፍል ገቡ። ጠረጴዛው ላይ እኩል መጠን ያላቸው ሁለት አምባሻዎች ነበሩ፤ አንዱ ለአራት፣ አንዱ ለስምንት ተቆርሷል። ልጆቹ ቁራሾቹን እያነባበሩ ይለካካሉ። ረቢያ የምትባለዋ ተማሪ ሁለት ቁራሽ ይዛ ቀረበቻቸው።

“ጋሼ፣ ለብዙ ሰው ሲቆረስ እኮ ያንሳል” አለቻቸው።

አቶ አስረስ ቁራሾቹን አዩ። ለአፍታ ፈሩ። ግን አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀ ሰው ለአንድ አምባሻ እጁን አይሰጥም።

“ስሕተቱ የዳቦው ነው” አሉ። “ይህ ዳቦ ሥልጠና አልወሰደም።”

ወዲያው መመሪያ ወጣ፦ ከዛሬ ጀምሮ ዳቦ የሚቆረሰው በሐሳብ ብቻ ይሆናል፤ ምግብንና ጽንሰ-ሐሳብን መቀላቀል ያስጠይቃል። ሁለቱ አምባሻዎች በማስረጃነት ወደ መሥሪያ ቤቱ ተወሰዱ፤ እዚያም በሠራተኞች ተመርምረው አለቁ።

በሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው የሐሳብ ዳቦ ሲቆርሱ ከረሙ። ሒክማ ግን በሯን ዘግታ ወረቀት አስቀደደች፣ ገመድ አሳጠፈች። ሰኔ ላይ ፈተናው ተሰጠ፤ የእሷ ተማሪዎች በሙሉ አለፉ። የወረዳው ሲደመር ግን ያለፈው በትክክል አንድ ስምንተኛው ሆነ። በወረዳው ታሪክ መቶ በመቶ የተሳካ ዕቅድ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ እንዲህ ያለ ውጤት በዋዛ አይገኝም።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ አብዱልመናን ሁለቱንም አስጠሯቸው። አብዱልመናን የእኩል አራሽ ልጅ ናቸው፤ ሲሶና ሩብ የሚያውቁት አውድማ ላይ ነው። ዝም ማለትንም አሳምረው ያውቁበታል።

“ሁለታችሁም ሱፐርቫይዘር ሆናችኋል” አሉ። “ከአርባ ስምንቱ ትምህርት ቤቶች አስፋልቱን ይዞ በሐይቁ ዙሪያ ያለው አንድ አራተኛው ነው፤ ወደ አምባሰል ተራሮች ያለው ደግሞ አንድ ስምንተኛው። አቶ አስረስ፣ በዕድሜም በልፋትም እርስዎ ይቅደሙ። የቱን ይወስዳሉ?”

የአቶ አስረስ ዓይን እንባ አቀረረ። ተሻለች ታየቻቸው።

“አንድ ስምንተኛውን” አሉ።

ሒክማ አላስቻላትም። ሰውየው ምን ቢሆኑ ሽማግሌ ናቸው፤ አሳዘኗት።

“ወላሂ ጋሼ፣ ረጋ ብለው ያስቡት። አንድ አራተኛው ይሻልዎታል።”

“አብሽሪ” አሏት ትከሻዋን መታ መታ አድርገው። “አንቺ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነሽ፤ አራተኛው ይበቃሻል።”

አብዱልመናን ቀና ሳይሉ ፈረሙ።

ሒክማ አሥራ ሁለቱን ትምህርት ቤቶች በባጃጅ ትዞራቸው ጀመር። አቶ አስረስ የግሸን ተሳላሚ አውቶቡስ በሚያቆምበት እየወረዱ፣ ዱላቸውን ይዘው በእግር ዳገቱን ተያያዙት። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጫማ ጨረሱ። ቆጠሩ፤ ስድስት ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ደግመው ቆጠሩ። አሁንም ስድስት። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቁት ለዚህ አልነበረም። እዚያው ዳገት ላይ ድንጋይ ተደግፈው አቤቱታ ጻፉ፦

“የተሰጠኝ ድርሻ ከልፋቴ ጋር የማይመጣጠን፣ እጅግም ያነሰ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ከፍ እንዲልልኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።”

በመሥሪያ ቤቱ የሠራተኛ አቤቱታ በገባበት ቀን ተወስኖለት አያውቅም፤ የእሳቸው ግን ከምሳ በፊት ተፈቀደ።