ለጥናት የተረከብነው መጫወቻ

ከአንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ መጫወቻ ወስጄ ሁለት ወር ሙሉ ተጫውቼበታለሁ። ያውም አስተማሪዋ ሆኜ። ያን ጊዜ ግን "ወሰድን" አላልንም፤ "ለጥናት ተረከብን" ነው ያልነው። በደርግ ዘመን የኖረ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። ዕቃው ሲወሰድበት ባለቤቱ ይጮሃል፤ ለጥናት ሲረከቡት ግን አመስግኖ ቤቱ ይገባል።

ይህን ያስነሳኝ የሰሞኑ የወላጆች ጥያቄ ነው። እዚሁ ደብረ ብርሃን ውስጥ ልጆች ቪዲዮ ጌም የሚጫወቱበት ቤት ከተከፈተ ወዲህ፣ ገበያ ስወጣ ሳይቀር ያስቆሙኛል። "ቲቸር፣ የትኛው ጨዋታ ነው ለልጅ የሚሆነው?" እኔም ጉሮሮዬን ጠረግ አድርጌ እመልሳለሁ። መጀመሪያ ከልጃችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ተጫወቱት እላለሁ። ልጁ ከጨዋታው ሲነሳ ፊቱን እዩት፤ ያደረገውን ሊነግራችሁ ከቸኮለ መልካም ነው፣ አኩርፎ ጥግ ከያዘ ግን ጠርጥሩ። ማብቂያ ያለው ጨዋታ ማብቂያ ከሌለው ይሻላል፤ ተራ የሚያስጠብቅ ደግሞ ልጁን ብቻውን ከሚያስቀረው ይሻላል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ እቀጥላለሁ። "ኧረ ይህን ሁሉ ከየት አወቁት?" ሲሉኝ "ከልምድ ነው" እላቸዋለሁ። ልምዱ ምን እንደሆነ ግን ለአንዳቸውም ተናግሬ አላውቅም። እናንተ ስሙኝ።

ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ወይዘሮ ዘነበች የምትባል፣ የበግ ጠጉር ፈትላ ባና ለሚባለው ብርድ ልብስ ሠሪዎች የምትሸጥ ጎረቤት ነበረችኝ። ባሏ ለትምህርት ወደ አንዱ ሶሻሊስት አገር ተልኮ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ልጃቸው ሙሉ፣ ሦስተኛ ክፍል የማስተምራት፣ ድምፅዋ ከስንት አንዴ የሚሰማ ልጅ ናት። አንድ ቀን ወይዘሮ ዘነበች ልጅዋን አስከትላ ትምህርት ቤት መጣችና ከመቀነቷ ውስጥ መዳፍ የምታክል ነገር አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች።

"መምህርት፣ እስቲ ይቺን ነገር እዩልኝ። አባቷ ነው በሰው የላከላት። ከመጣች ወዲህ ስጠራት አትሰማኝም።"

"ምን ታደርጋለች?"

"ጢጥ ጢጥ ትላለች። ሰዓት ትሁን ጋኔን እኔ አላውቅም።"

"ጋኔን አይደለችም" አለች ሙሉ ከእናቷ ጀርባ። "ሰውዬው ቅርጫት ይዞ ከዛፍ የሚወድቀውን ፍሬ ይቀልባል። ሦስት ካመለጠው ያልቃል። ከዚያ ተራው የሌላ ልጅ ነው።"

ልጅቷ በዓመቱ ውስጥ ይህን ያህል ስትናገር የሰማኋት ያን ቀን ነው። እዚያው ላይ መልሱን ማወቅ ነበረብኝ። ከዚያም በላይ አውቅ ነበር፤ በጣቷ ካልቆጠረች መደመር ያቅታት የነበረች ልጅ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሦስት አሃዝ በቃሏ መደመር ጀምራለች። የሠፈሩን ልጆች በር ላይ ደርድራ ተራ የምታስጠብቀውም እሷ ናት። ለእናቲቱ "ይህ ለልጅሽ ጥሩ ነው፤ ሰዓት ብቻ ወስኚላት" ብላት ነገሩ በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር።

እኔ ግን "ይህ በአንድ ሰው የሚወሰን አይደለም፤ ኮሚቴ ያስፈልገዋል" አልኩ።

ወይዘሮ ዘነበች ደስ አላት። ለልጅዋ መጫወቻ ኮሚቴ ሊቋቋምለት!

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበረው። ሰብሳቢው ጋሼ ደምሴ፣ ጡረታ የወጡ ጸሐፊና የወላጆች ተጠሪ፣ ቃለ ጉባኤ ሳይዙ የሚያነጥሱ የማይመስሉ ሰው ናቸው። ሁለተኛው አቶ ሰይድ፣ ቆላው አሊዩ አምባ ተወልደው ደብረ ብርሃን በርበሬና ጥጥ የሚነግዱ፣ አራት ልጆች እኛ ዘንድ የሚያስተምሩ አባት። ሦስተኛዋ እኔ። የመጀመሪያው ስብሰባ አጀንዳ "መጫወቻው ለሕፃናት ጤናማና አስተማሪ መሆኑን ማጣራት" የሚል ነበር። ጋሼ ደምሴ አጀንዳውን አነበቡ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ "እንግዲህ ሳይነኩት ማጥናት አይቻልም" ብለው ቁልፉን ተጫኑ። ሰውዬው ሦስት ፍሬ በአንድ ትንፋሽ አመለጠው።

"ይሄማ ሳልዘጋጅ ነው" አሉ። "አይቆጠርም።"

ከዚያች ቀን ጀምሮ እንደኛ ያለ ትጉህ ኮሚቴ በአውራጃው አልታየም። በወር አንድ ጊዜ እንሰበሰባለን ያልነው በሳምንት ሁለቴ ሆነ፤ ከዚያ በየቀኑ፣ ከዚያ በእረፍት ሰዓትም ጭምር። ጠዋት ጠዋት የደብረ ብርሃን ብርድ መስታወቱን ስለሚያፈዘው ሰውዬው እጁ እንደ ቆረፈደ ሠራተኛ ይንቀራፈፍብናል። እኛም ስብሰባ ከመጀመራችን በፊት በየተራ ብብታችን ሥር አድርገን እናሞቀዋለን። አቶ ሰይድ ሁለት መቶ ሲደርሱ "አልሐምዱሊላህ!" ብለው ጮኹና ከጎን ክፍል የነበሩ ልጆች ንባባቸውን አቋረጡ። ጋሼ ደምሴ በንዴት ኮፍያቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። እኔማ አልናገር፤ የተማሪ ደብተር እያረምኩ ነው ብዬ መሳቢያዬን ከፍቼ እጄን ከውስጡ አላወጣም ነበር።

ሙሉ በየሳምንቱ ዓርብ ትመጣለች። በር ላይ ቆማ፣ እጅዋን ወደ ኋላ አድርጋ፣

"ቲቸር፣ ጥናቱ አለቀ?"

"ገና ነው የኔ እናት። ወሳኝ ደረጃ ላይ ነው።"

ይህን ስል አልዋሸሁም። ሦስት መቶ አልፌ ነበር። አንድ ዓርብ ግን ይህንኑ እየነገርኳት ሳለ መሳቢያዬ ውስጥ "ጢጥ" አለ። ልጅቷ መሳቢያውን አየች፣ እኔን አየች። ፈገግ ብላ ሄደች። ብታለቅስብኝ ይሻለኝ ነበር።

በሁለተኛው ወር ማለቂያ ሰውዬው እየገረጣ፣ እየገረጣ ሄዶ ጠፋ። የባትሪ ድንጋዩ አልቋል። እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ያለች ድንጋይ ናት፤ ሁለት ናቸው፤ በከተማው ሱቅ ሁሉ ብንጠይቅ ባለሱቆቹ የሬዲዮውን ትልቅ ድንጋይ አሳይተውን ሳቁብን። ያኔ ማንም ሰው የሬዲዮ ድንጋይ ሲያልቅበት የሚያደርገውን እኛም አደረግን፤ ፀሐይ ላይ አሰጣናቸው። የትምህርት ቤቱ አጥር ካብ ላይ ሦስት ቀን ዋሉ። ምንም የለም።

"ጥፋቱ የድንጋዩ አይደለም" አሉ አቶ ሰይድ። "የዚህ አገር ፀሐይ ናት። ይቺ ፀሐይ ናት እንዴ? ለስሙ የወጣች! ፀሐይስ እኛ ዘንድ አሊዩ አምባ ነው ያለችው።"

"እዚያስ ምን ታመጣለች?" አሉ ጋሼ ደምሴ።

"ወላሂ ጋሼ፣ አንድ ማዳበሪያ በርበሬ በሁለት ቀን የምታደርቅ ፀሐይ ይቺን ሁለት ፍሬ ያቅታታል?"

ትስቁ ይሆናል። እኛ ግን አልሳቅንም፤ ድምፅ ሰጠን። ሦስት ለዜሮ። አቶ ሰይድ ሁለቱን ድንጋዮች በመሐረብ ቋጥረው ለሰኞ ገበያ በአንኮበር በኩል ቁልቁለቱን ወረዱ። እኔ ሐሙስ እስኪመለሱ እንዴት እንደቆየሁ አትጠይቁኝ። መጡ፣ መሐረቡን ፈቱ፣ ድንጋዮቹን አስገባን፣ ሦስት ጭንቅላት ገጥመን አቀርቅረን ጠበቅን።

"ሞቀው ነበር እኮ" አሉ አቶ ሰይድ ቅስማቸው ተሰብሮ። "ወላሂ፣ እጄን ሊያቃጥሉኝ ደርሰው ነበር።"

አሁን ጥያቄው ለልጅቷ ምን ተብሎ ይመለስላት የሚል ሆነ። እውነቱን ከተናገርን ድንጋዩን ተጫውተን ጨረስነው ማለት ያስፈልጋል። ጋሼ ደምሴ ብዕራቸውን አነሱ። "ኮሚቴው ጉዳዩን በጥልቀት ከመረመረ በኋላ፣ መጫወቻው ዓይን የሚያደክም፣ ከሥራ የሚያዘናጋ፣ ትዕግሥት የሚያሳጣና በጓደኛሞች መካከል ቅናት የሚፈጥር ሆኖ አግኝቶታል" ብለው ጻፉ። ፍርድ ካላችሁ እዩት፤ አንዱም ቃል ሐሰት አይደለም። ሁሉም ደርሶብናል። በልጅቷ ላይ ግን አንዱም አልደረሰም፤ ያንን የማውቀው አስተማሪዋ እኔ ነኝ። ፈረምኩ።

ወይዘሮ ዘነበች ቤቷ ሄጄ ወረቀቱን ሳነብላት ዓይኗ እንባ አቀረረ። "እግዜር ይስጥልኝ መምህርት፣ ልጄን አተረፋችሁልኝ" አለች። መጫወቻውን ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። እኔንም ለባሏ ደብዳቤ አጻፈችኝ፤ እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ፤ "እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ እንዳትልክ፣ አዋቂዎች አይጠቅማትም ብለዋል።" በገዛ እጄ ጻፍኩት።

ሙሉ እስከ በሩ ድረስ ሸኘችኝ።

"ቲቸር፣ ስንት ደረሳችሁ?"

ልክድ አስቤ ነበር። "አራት መቶ አሥራ ሁለት" አልኩ።

ትንሽ አሰበች። "ሦስት ሰው ሆናችሁ?"

እስከ ዛሬ እንደዚያ በአጭሩ ያዋረደኝ ሰው የለም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከአባቷ ሌላ ጥቅል መጣ። ወይዘሮ ዘነበች ልታሳየኝ እየሮጠች መጣች፤ "በእናንተ ምክር" እያለች። ሁለት ጥንድ ወፍራም ካልሲ ነበር። ለደብረ ብርሃን ብርድ መልካም ካልሲ ነው፤ አመሰገንኩ። ሙሉም እግሯ ሞቆ፣ አፏ ግን ተመልሶ ተዘግቶ ክፍል ውስጥ ተቀመጠች። በዓመቱ ማብቂያ እናቷ ይዛት ወደ ዘመዶቿ ወደ ደነባ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

በዚያ ሰሞን በየአሥራ አምስት ቀኑ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነበረን። ተራዬ ደርሶ ተነሳሁ፤ ጋሼ ደምሴ ከፊት ተቀምጠው አንገታቸውን ደፍተዋል። "ባለፈው ሳምንት ለሰልፍ አምስት ደቂቃ ዘግይቻለሁ፤ ድክመቴን አምናለሁ" አልኩ። በግልጽነቴ ተጨበጨበልኝ።

ወላጆች ሆይ፣ ጨዋታ ስትመርጡ ልጁን ጠይቁት። ጨዋታውንም ቶሎ መልሱለት። እኔ ልጅቷ የምትነግረኝን ሰምቼ፣ የሚጠቅማትን አውቄ፣ ለራሴ ደስታ ስል ከለከልኳት፤ ከዚያም ዝም አልኩ። እሷን ላገኛት አልቻልኩምና እናንተን እለምናለሁ፤ ይቅር በሉኝ።