ዶክተር ሜትርና የሱሪያቸው ላስቲክ

ይቅርታ አድርጉልኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከወለድኩ በኋላ ነው፤ እጄ ከመርፌ ጋር እንጂ ከእስክሪብቶ ጋር አይግባባም። የተንጋደደውን አቃንታችሁ አንብቡልኝ። ዝም እንዳልል ንዴቱ እምቢ አለኝ።

ሰውን ገና ከሩቅ አይቶ ቀሪ ዕድሜውን የሚነግር ሰው የሌለበት ሰፈር አለ ቢሏችሁ እንዳታምኑ። "ወፈርሽ፣ ልብሽን ጠብቂ።" "ከሳህ፣ ተመስገን፣ ጤና ሆንክ።" ሰላምታቸው ይኸው ነው። የእኛው ደግሞ ልብስ ሰፊ ስለሆኑ ፍርዱን በቁጥር ነው የሚሰጡት።

አጎቴ ናቸው። እናቴ ስትሞት ያሳደጉኝም፣ ስፌት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፤ ዛሬም በሱቃቸው የምዘመዝመውና ቁልፍ የምተክለው እኔ ነኝ። ደንበኛው "ዶክተር ሜትር" ይላቸዋል። ሹመት መስሏቸዋል። ክቡርነታቸው ሜትሩን እንደ ሐኪም ማዳመጫ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ወገብ ለክተው፣ ቁጥሩን መንገደኛ እስኪሰማ ይጠሩታል። ቀጥሎ ከዚያው ቁጥር ተነስተው ስኳሩን፣ ቀጥሎ ግፊቱን። ሰው ቅር ሲለው "ሜትር አያዳላም" ይሉታል። አንዲት ሙሽራ ቀሚስ ልትለካ መጥታ የስኳር መርዶዋን ሰምታ ወጣች። ቀሚሱን ሌላ ቦታ አሰፋች፤ ደግ አደረገች።

ማዶ ያለው የመጋዘን ዘበኛ ደግሞ ሱሪው እየወለቀ አስቸገረው። አስጠበበ። ተመልሶ መጣ፣ ደግሞ አስጠበበ። በመጣ ቁጥር የእኛን ጆግ ውሃ ጨርሶት ነው የሚሄደው። ዶክተር ሜትር ትከሻውን መታ መታ አድርገው "ሰውነት ማለት ይሄ ነው፣ አንተ መቶ ዓመት ትኖራለህ" አሉት። ምስኪን፣ ደስ ብሎት ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ራሱን ስቶ በቃሬዛ ወሰዱት፤ ለካ የሚያከሳው ስኳር ኖሯል። ለጥቂት ተረፈ። እሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ሳይወፍር የያዘው ነው፣ ይሄ አይቆጠርም።"

እኔንማ ተዉኝ። ዳሌዬ ሰፊ ነው፣ ጭኔም እንደዚያው፤ ከእናቴ ነው የወረስኩት። ደንበኛ ፊት "ድቡልቡሌ" ነው የምባለው። አንድ ቀን "አንቺ ልጅሽን ሳትድሪ ነው የምትሄጂው" አሉኝ። ቁርስ ተውኩ። ከዚያ ምሳም ተውኩ። የልጄን ሰርግ ማየት ፈልጌ ነዋ። አንድ ረፋድ ላይ ካውያ እንደያዝኩ ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ የሰው ኮት ተቃጥሎ ይጨሳል፣ እሳቸው በካርቶን እያራገቡልኝ "ብያለሁ፣ ደሟ ስብ ብቻ ሆኗል" ይላሉ።

ክሊኒክ ወሰዱኝ። ለሕክምና እንዳይመስላችሁ፣ ለማስረጃ ነው። እሳቸውም እስከ ቀትር እህል አይቀምሱምና ደም የምትቀዳዋን "የእኔንም ውሰጂ፣ ጥሩ ደም ምን እንደሚመስል ይቺ ትይበት" አሏት። ከሲታ ናቸዋ። ክንዳቸው ክር፣ እግራቸው መርፌ።

ውጤቱን ሐኪሟ አነበበች። የእኔ ስኳሩም ስቡም ደህና፤ የጣለኝ ረሃብ ነው አለች። የእሳቸው ሁለቱም ከፍ ብሏል። ወረቀቱ ተቀያይሯል ብለው ሊነሱ ሲሉ ሐኪሟ ሜትሩን ከአንገታቸው ላይ ወስዳ ሆዳቸው ላይ አዞረችው።

"አባቴ፣ ዳሌ ላይ የሚቀመጥ ስብ አለ፣ ሆድ ውስጥ ጉበት ዙሪያ የሚሸሸግ አለ። ያኛው ብዙ ጊዜ አርፎ ይቀመጣል፤ ደም የሚያበላሸው ይሄኛው ነው። ቅርጽ ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም፤ ደም የምንቀዳውም ለዚሁ ነው። ለመሆኑ ሱሪዎ አልጠበበዎትም?"

 መልሱን የማውቀው እኔ ነኝ። የአገሩን ወገብ ሁሉ የሚለኩት ሰውዬ የራሳቸውን ሱሪ በላስቲክ ነው የሚያሰፉት። "ለመቀመጥ ይመቻል" እያሉ ላስቲኩን በየጊዜው የሚያስቀይሩኝ እኔን ነው። ላስቲክ ደግሞ ሰው አያሳጣም፤ ይለጠጣል።

ሐኪሟ ቁጥሩን ቀስ ብላ ነገረቻቸው። እኔ ግን ሱቁ ደጃፍ ቆሜ ለመንገደኛው ሁሉ ልጮኸው መንገዱን ሙሉ ስዘጋጅ መጣሁ። ለሙሽራዋ፣ ለዘበኛው፣ ላልበላሁት ምሳ ሁሉ። ስንደርስ ሜትሩን አንገታቸው ላይ አላደረጉትም፤ ኪሳቸው ከተቱት። ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው "ድቡልቡሌ፣ እኔ ብሄድ ሱቁን ትችይዋለሽ?" አሉኝ። እንዲህ ፈርተው አይቻቸው አላውቅም። ይሄ ደግሞ ከሁሉ የባሰ አናደደኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ሲያቃጥሉኝ ኖረው ጭራሽ ሊሞቱብኝ?

በማግስቱ ጠዋት ቁርሴን በልቼ ሱቁን ቀድሜ ከፈትኩ። ሲመጡ በሩን ገርበብ አድርጌ "ይቁሙ ጋሼ" አልኩና ሜትሩን ከኪሳቸው አውጥቼ ለካኋቸው።

"ስንት ሆነ?" አሉኝ።

"ቀስ ይበሉ፣ መንገደኛ ይሰማል።"

መስቀያው ላይ ያለውን ትርፍ ሱሪያቸውን አወረድኩ። ላስቲኩን ተርትሬ ጣልኩት፤ በለካሁት ልክ የማይለጠጥ ወገብ ሰፍቼ በድርብ ክር አንድ ቁልፍ ተከልኩበት።