ጋሽ ቆይ እና የድንኳኑ ጭስ ማውጫ

ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ተነሥቶ የሚሄድ አለ፣ ሊሄድ የተነሣውን በር ላይ የሚያቆም አለ። ይሄ ሁለተኛው ከየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። ቢጠፋ ቤተሰቡ ሁሉ የትም በሰዓቱ ይደርስ ነበር።

ጋሽ ቆይ የዚህ ወገን አለቃ ናቸው። ስማቸው ይሄ አይደለም፤ ግን ከአንደበታቸው "ቆይ እስኪ" ስለማትጠፋ ትክክለኛውን ስም የሚያስታውሰው መታወቂያቸው ብቻ ነው። አርባ ዓመት ብረት ሲበይዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። መነጽራቸው ከዓይናቸው ይልቅ ግንባራቸው ላይ ይውላል፤ ከኪሳቸው ክርና ትንሽ ሞረድ አይጠፉም።

የወንድማቸው ልጅ ያገባ ዕለት ሙሽሮቹን የጫነውን መኪና አስቁመው የአራቱንም ጎማ ብሎን አንድ በአንድ ነካኩ። ሁሉም ጥብቅ ነበር። ሙሽራው በላብ ተጠምቆ፣ ሙሽራዪቱ ከንፈሯን ነክሳ ጠበቁ፤ እሳቸው ግን "ጎሽ! አሁን ሂዱ" ብለው መረቁ። ጎረቤት የጋዝ ሲሊንደር ሲያስቀይር የሳሙና አረፋ በጣሳ ይዘው ከተፍ አሉ። ጋዙ አይተነፍስም ነበር። ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን ምንም አያገኙም፤ ምንም ባለማግኘቱም እንደሳቸው ደስ የሚለው ፍጡር የለም።

እንግዲህ የቀያሿ እናት ልጇ ላይ የጫነችባት እኚህን ሰው ነው።

ቀያሿ የታላቅ እህታቸው ልጅ ናት። ሦስት ባልደረቦቿን ይዛ ብርዳም ተራራ ላይ ሦስት ሳምንት ልትሰነብት፣ የውሃ መስመር የሚያልፍበትን መሬት ልትለካ ነው። መሥሪያ ቤቱ ድንኳንና የእንጨት ምድጃ ሰጥቷታል፤ የምድጃው ጭስ ማውጫ ግን ዝገት በልቶት ወንፊት ሆኗል። አዲሱን ገዝታ እኩለ ቀን ሳይሞላ መነሣት አለባት። ከቀትር በኋላ መንገዱ ላይ ጉም ይወርዳል፣ ጉም ከወረደ ደግሞ ገደሉና አስፋልቱ አይለዩም።

"ጭስ ማውጫውን ስትገዢ አጎትሽን ይዘሽ ሂጂ" አለች እናቷ።

"እማዬ፣ ዛሬ መድረስ አለብኝ እኮ!"

"ይዘሽ ሂጂ አልኩሽ።"

የብረታ ብረት ሱቁ ውስጥ ባለሱቁ እንደ መስታወት የሚያበራ ቱቦ አወጣ። ቀያሿ ይዛው ከመጣችው ምድጃ አንገት ጋር ስትለካው ልክ ሆነላት። እጇን ወደ ቦርሳዋ ስትሰድ ያቺ ቃል መጣች።

"ቆይ እስኪ" አሉ ጋሽ ቆይ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ቱቦውን ወደ ብርሃን አዞሩት። "ይሄ ዚንክ የተለበጠ ነው።"

"ስለዚህ አይዝግማ፣ አባቴ" አለ ባለሱቁ። "ከተማው በሙሉ የሚወስደው ይህንኑ ነው።"

"ከተማው ለዝናብ ውሃ ነው የሚወስደው። እኛ እሳት ልንሰድበት ነው።"

ባለሱቁ ሌላ አመጣ፤ እንደ አኮርዲዮን የሚሳብና የሚታጠፍ፣ ስስ አሉሚኒየም። ጋሽ ቆይ በሁለት ጣታቸው ጫን ሲሉት ተጨራመተ። "ይሄማ የሻወር ቤት እንፋሎት ማስወጫ ነው። እሳቱ ሲበረታ ይቀልጣል" ብለው መለሱለት። ሦስተኛው ጥቁር ብረት፣ ወፍራምና ጨዋ ቱቦ ነበር፤ ግን በክራቸው ሲለኩት ከምድጃው አንገት በሁለት ጣት ይሰፋል።

ውጪ መኪናው ውስጥ የሚጠብቃት ሾፌር ጥሩንባውን ነፋ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሆኗል።

"በቃ፣ ክፍተቱን በላሜራ እንሞላዋለን" አለች ቀያሿ።

"በክፍተቱ ጭሱ ይመለስባችኋላ።"

"ጋሼ፣ እኔ ልጅ አይደለሁም! በሚሊሜትር ለክቼ ነው የምበላው!"

"እንግዲያው ሁለት ጣት ለምን ትተዪያለሽ?"

ባለሱቁ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ቀያሿ ፊቷ ቀላ፤ ጥሩንባው እንደገና ጮኸ። "ኃላፊዋ እኔ ነኝ" አለች። "የመጀመሪያውን እወስዳለሁ። አለቀ።"

ጋሽ ቆይ አልተቆጡም። "ውሰጂ" አሉ። "ብቻ ከገዛነው በኋላ ሳይሆን ሳንገዛው እንየው። ጓሮ ያለው በያጅ አንድ ደቂቃ እሳት ያሳየው።"

በያጁ ከቱቦው የቆረጠውን ቁራጭ በጉጠት ይዞ የጋዙን እሳት ለቀቀበት። ጋሽ ቆይ ሁሉንም ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን አቆሟቸው። የሚያበራው ገጽ መጀመሪያ ደበዘዘ፣ ቀጥሎ እንደ ጤዛ አንጠባጠበ፣ ከዚያ ቢጫ ሆነና ጥጥ የመሰለ ነጭ ጭስ ተትጎለጎለበት። ነፋሱ ድንገት ዞሮ ትንሹን ወደ ባለሱቁ ቢወስደው ሰውዬው ደረቱን ይዞ ይስል ጀመር፤ የአሁኑ ሳል የሳቅ መሸፈኛ አልነበረም። በያጁ እሳቱን አጠፋ።

"ይሄን ድንኳን ውስጥ ልትተክሉት ነው?" አለ። "የእኔ እሳት ከምድጃ ይበረታል። ቢሆንም ይሄ ባለበት እኔ አልተኛም።"

ቀያሿ ወደ አጎቷ ዞረች። "እርስዎ እንዴት አወቁ፣ ጋሼ?"

"ስለቀመስኩት" አሉ። "በወጣትነቴ የታሸገ የውሃ ጋን ውስጥ ገብቼ እንዲህ ያለ ላሜራ በየድኩ። የዚንኩ ጭስ ሁለት ቀን እንደ ወባ አንቀጠቀጠኝ። እናትሽ ናት ያስታመመችኝ፤ ጠይቂያት።"

ከዚያ በኋላ ማን ይከራከራል? በያጁ የማይዝግ ላሜራ በምድጃው አንገት ልክ እየጠቀለለ አምስት ቁራጭ ሠራ። ጋሽ ቆይ አጠገቡ ቆመው የላይኛው ቁራጭ አፍ በታችኛው ውስጥ እንዲገባ አዘዙ፤ የሚወርደው ጥቀርሻ ወደ ምድጃው እንጂ ወደ ውጪ እንዳይንጠባጠብ ነው። ጫፉ ላይ ፍንጣሪ የሚይዝ ወንፊት አስገጠሙ። የድንኳኑን ጨርቅ ከቱቦው የሚያርቅ ሰፊ ቀለበትም አሠሩ፤ ቀለበቱን ሁለት ጊዜ አስፈርሰው በሦስተኛው ወደዱት።

ሲጨርሱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ጋሽ ቆይ ከተማ ቀሩ፣ ቀያሿና ባልደረቦቿ ተነሡ። ጉሙም ቀጠሮ አክባሪ ነውና ተራራው ግርጌ ጠበቃቸው። ሾፌሩ በእግር ፍጥነት እየነዳ፣ ከመሪው ጋር ሊጋጭ እስኪደርስ አንገቱን አስግጎ፣ "አጎትሽን እግዜር ይይልሽ" ከማለት በቀር አልተናገረም። በመጨረሻ ከመንገድ ዳር አንድ መጋዘን ውስጥ ለማደር ተገደዱ። ቀያሿ ለእናቷ ደውላ "ሁለተኛ ከጋሼ ጋር እንዳትልኪኝ!" ብላ ዘጋች። አንድ የሥራ ቀን ተበላ። ይሄ እውነት ነው፤ ለማንም ሲባል አይሰረዝም።

በማግስቱ ደርሰው ድንኳኑን ተከሉ። አመሻሹ ላይ ብርዱ ጥርስ ሲያፋጭ የአፈር መርማሪው ባልደረባዋ ምድጃውን ደረቅ እንጨት አጎረሰው፣ የአየር በሩንም ወለል አድርጎ ከፈተው። ነፋሱ ከላይ ሳበ። ምድጃው እንደ አውሬ ማጓራት ጀመረ። የቱቦው የታችኛው ቁራጭ ቀላ፤ ቅላቱ ወደ ሁለተኛው ወጣ፤ ከዚያ ወደ ጣሪያው ተሳበ።

አራቱም ዓይናቸውን ቱቦው በጨርቁ በሚያልፍበት ቦታ ተክለዋል። ቀያሿ ተነሥታ የአየር በሩን በእንጨት ገፍታ ዘጋችው፣ ከዚያ ሳጥን ላይ ቆማ ከቀለበቱ ዳር ያለውን ጨርቅ በእጇ መዳፍ ነካች። ሞቅ ብሏል እንጂ አያቃጥልም። ነጭ ጭስ የለም፤ የሳለ የለም። ቅላቱ በቀስታ፣ አንድ ቁራጭ በአንድ ቁራጭ ወረደ። የአፈር መርማሪው ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። እሷ ከሳጥኑ ወረደች።

ጠዋት ስልክ የሚሠራው የድንኳኑ ደጃፍ ላይ ብቻ ነበርና እዚያ ቆማ ደወለች። የምትለውን ሌሊቱን ስታሰናዳ ነው ያደረችው፤ ይቅርታ አለበት፣ ምስጋና አለበት፣ ጥቂት እንባም ሳይኖርበት አልቀረም።

"ጋሼ፣ ማታ ቱቦው ቀልቶ…"

"ጨርቁስ?"

"ደህና ነው። እኔ ልልዎት የፈለግኩት…"

"አመዱን የት ደፋችሁት?"

ዞር አለች። ከደጃፉ አጠገብ፣ ከድንኳኑ ገመድ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ፣ ደረቅ ሣር መካከል፣ ግራጫ ክምር ተቀምጧል። ነፋሱ ሲነካው ከሥሩ ቀይ ዓይን ገለጠ። ከእግሯ ሥር የነበረውን የማሰሮ ውሃ አንሥታ፣ ስልኩን ዝቅ አድርጋ ከክምሩ አጠገብ ያዘችና አፈሰሰችበት። ፍሽሽሽ አለ፤ እንፋሎቱ ፊቷን መታት።

ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች። ከወዲያ ማዶ ሽማግሌው በረጅሙ ሲተነፍሱ ተሰማት።

"ሰሙት?" አለች።

"ሰማሁት። ትንሽ ጨምሪበት፣ የኔ ልጅ።"

ጨመረችበት። ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ሁለቱም ስልኩን አልዘጉም።