ተራ አስከባሪ የሌለው ኦርኬስትራ

ሰው «አስተያየት ስጠኝ» ሲላችሁ ቶሎ አትመኑት። አብዛኛው ሰው የሚፈልገው ጭብጨባ ነው። አጨብጭቡልኝ ማለት ስለሚያሳፍር ነው አስተያየት የሚለው። እኔ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም ጉድ ያፈላሁት። አውቄ ነው። ዛሬም ብትጠይቁኝ ያንኑ እደግመዋለሁ።

ቲቸር ማርቆስ ጎረቤቴ ነው። ሆሳዕና አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ተከራይተን፣ አንድ ግድግዳ ለሁለት የምንጠቀም ሰዎች ነን። እሱ ከከምባታ፣ የአዲሎ ልጅ፣ የሒሳብ መምህር። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርትን የተሰናበትኩ፣ መናኸሪያ ውስጥ የዱራሜ ተሳፋሪ የምጠራ። ስሜም በዚያው ቀረ። ንጹሕ ሀዲያ ሆኜ ከተማው በከምባታ ከተማ ስም «ዱራሜ» ይለኛል። እናቴ እንኳን አንዳንዴ ያመልጣታል።

ታዲያ ይህ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከትምህርት ቤት በተመለሰ ቁጥር ላፕቶፑን ከፍቶ ሙዚቃ ይደርሳል። ዘፈን እንዳይመስላችሁ። መዝሙርም አይደለም። የኦርኬስትራ ሙዚቃ! ቃል የሚባል የለውም፤ መሣሪያ ብቻ። ስለ ምን መሰላችሁ? ስለ መናኸሪያ። እኔ በየቀኑ ጭቃ የምረግጥበት ቦታ በቫዮሊን ይወራለታል! ግድግዳችን ደግሞ ስስ ነው። ከፈጣሪና ከራሱ ቀጥሎ ያንን ሙዚቃ አብዝቶ የሰማ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጠራን። በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት፣ አንድ ባዶ ክፍል ውስጥ። ጂፓስ ድምፅ ማጉያዬን ተሸክሜ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ስቀመጥ ጊዜ ሌሎቹ ተያዩ። ለመሸከም ብቻ የመጣሁ መስሏቸው ነበር። ሌሎቹ የምላችሁ ሁለት ናቸው። መዘምራን የሚያሠለጥነው ወንድም ጴጥሮስ፣ እና ኪነ ጥበብ የሚል ቃል በተነሣበት ስብሰባ ሁሉ የማይጠፉት የባህል ቢሮ ባለሙያ፣ አቶ ደሳለኝ።

ማርቆስ ፊታችን ቆመ።

«ለወላጆች ቀን ከተማው ፊት ላቀርበው ነው» አለ። «አባቴም ከአዲሎ ይመጣል። እስካሁን ምን ስትሠራ ኖርክ ለሚለኝ መልሴ ይኼ ነው። አይሆንም ካላችሁኝ ግን ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ። ገንቢ አስተያየት ስጡኝ።»

ገንቢ! እኔ ይህን ቃል የማውቀው ከአምስተኛ ክፍል ሳይንስ ነው። ገንቢ ምግቦች፦ እንቁላል፣ ወተት፣ ባቄላ። አስተያየት ውስጥ ምን ሊሠራ እንደገባ እንጃ።

ሙዚቃው ተጀመረ፤ አለቀ። ወንድም ጴጥሮስ ጨፍኖ የቆየውን ዓይኑን ገለጠና «ተባርኬበታለሁ» አለ። ተባርኬበታለሁ ያለን ሰው ምን ብላችሁ ትከራከሩታላችሁ? አልተባረክህም ይባላል? አቶ ደሳለኝ ደግሞ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ሥራው በይዘትም በቅርፅም አመርቂ ነው፤ በርታ» አሉና ሰዓታቸውን አዩ።

ማርቆስ ግን አልተደሰተም። ሒሳብ አስተማሪ አይደል? መልሱ ትክክል ሆኖ መንገዱ ሲጎድል ይገባዋል። ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ ዱራሜ?»

እዚህ ላይ «አሪፍ ነው» ብል በሰላም ወደ ቤታችን ገብተን ነበር። ግን ያ ነገር እንዳለ ከቀረበ ከተማው እንደሚስቅበት አውቃለሁ። ያውም አባቱ ፊት።

«ቲቸር፣ ይኼ መናኸሪያ አይደለም፤ የመኪና ግጭት ነው» አልኩት። «ቫዮሊኑ ይጣራል፣ ትራምፔቱ ይጣራል፣ ከበሮው ይጣራል፣ ሁሉም ባንዴ! እኛ እንዲህ ብንጣራ አንድ ሰው አይሳፈርም። ሙዚቃህ ተራ የለውም።»

አቶ ደሳለኝ ከወንበራቸው ተነሡ። «ወንድሜ፣ ለመሆኑ ስንተኛ ክፍል ነህ?»

«ከስምንት ወጥቻለሁ።»

«ኦርኬስትራስ የት ሰምተህ ታውቃለህ?»

«በግድግዳ በኩል፣ ሁለት ዓመት።»

«ገንቢ አስተያየት ከበጎ ጎን ነው የሚጀምረው። ያንተ ተራ አስተያየት ነው!»

«አዎ ጋሼ፣ ስለ ተራ ነው የማወራው!»

እሳቸው ተራ ሲሉ የማይረባ ማለታቸው ነው። እኔ ተራ ስል ወረፋ ማለቴ ነው። አንድ ቃል ይዘን፣ ሁለት ቦታ ቆመን፣ ባንዴ ተጯጯህን። ልክ እንደ ማርቆስ ሙዚቃ!

ማርቆስ ላፕቶፑን ዘጋና ወጣ። እኔም ጂፓሴን ተሸክሜ ተከተልኩት፤ ቤት ስደርስ በሩ ተቆልፏል። ሁለት ቀን ግድግዳው ዝም አለ። እውነቱን ልንገራችሁ? ፈራሁ። ሁለት ዓመት «ቀንሰው እንጂ!» እያልኩ የደበደብኩት ግድግዳ ዝም ሲል እንቅልፍ ነሳኝ። አጥፍቶት ቢሆንስ? እሱ በከምባትኛ ያስባል፣ እኔ በሀዲይኛ፤ የምንገናኘው አማርኛ ላይ ነው። ሁለታችንም በተዋስነው ቋንቋ አጉል አቁስዬው ይሆን? ይቅርታ ግን አልጠየቅኩም። ለየትኛው ጥፋቴ?

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መናኸሪያ መጣ። ደብተር ይዟል። አውቶቡሱ ጎን ቆመና «ጥራ» አለኝ።

«እ?»

«ሥራህን ሥራ። ልስማ።»

«ዱራሜ ዱራሜ ዱራሜ!» አልኩ። ትንፋሽ ስስብ የሀቢቾው ጠሪ ገባ። እሱ ሲያበቃ የአዲስ አበባው ቀጠለ። ተሸካሚው ከሥር በወፍራሙ «ዞር በሉ፣ ዞር በሉ» ይላል። ከሁሉም በላይ የተራ አስከባሪው ፊሽካ። ማርቆስ ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ ይጽፋል።

«ይህን ማን አስተማራችሁ?» አለኝ።

«ማንም። ተራ የሰበረ ይመታል።»

የወላጆች ቀን ደረሰ። ማርቆስ ከመዘምራኑ ኪቦርድና ሳክስፎን፣ ከማርሽ ባንድ ትራምፔት፣ ትሮምቦንና ከበሮ፣ ከተማሪዎቹ ሁለት ቫዮሊን ለቃቅሟል። የጎደለውን ላፕቶፑ ይሞላል። ከፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው ርዕስ «ተራ» ይላል።

መጀመሪያ ትራምፔቱ ብቻውን ሦስት ጊዜ ተጣራ። ዝም አለ። ቫዮሊኖቹ ገቡ። ከፊቴ የተቀመጡት የማርቆስ አባት አጠገባቸው ያለውን ሰው በክርናቸው ጎሸም አድርገው «ይኼማ የዱራሜው ጠሪ ነው!» አሉ። ቃል በሌለው ሙዚቃ ውስጥ ድምፄን ለዩት። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ፤ ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገብቶ ነበር።

ሲያልቅ አቶ ደሳለኝ ቀድመው ደረሱ። በሰጠነው ገንቢ አስተያየት መዳበሩ ያኮራል አሉ። ርዕሱን ግን ቀይረው፤ «ተራ» የሚለው ሥራህን ያሳንሰዋል አሉ። ማርቆስ አመሰገናቸውና ወደ እኔ መጣ።

«እሺ፣ አንተስ?»

«ቆንጆ ነው ቲቸር» አልኩት።

ፊቱ ጥቁር አለ። «አንተም ተባረክህብኝ?»

«መጨረሻው አካባቢ» አልኩት፣ «ትሮምቦኑ ተራ ሰብሯል።»

ፊቱ በራ። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ።